ዳኘው፣ ቱቦው መጋዘን ውስጥ ነበረ

የኔ ጌታ ዳኜ፣

አፈር ካለበስንህ ሁለተኛው ክረምት ገባ። የዋልካው ጭቃ እንደ ልማዱ እግር ይዞ አልለቅ ብሏል፤ ማሽላውም ሰው መሰወር ጀምሯል። ሰዉ ሁሉ “ሐዘኑ ቀለል አለልሽ ወይ?” ይለኛል። ሐዘኑስ ሲያለቅሱት አንዳንድ ቀን ቀለል ይላል። ያልወጣልኝ ንዴቱ ነው። የምጽፍልህም አንተ ካለፍክ በኋላ ያደረጉትን ሌላ የሚነግርህ ስለሌለ ነው።

እኛ ደህና ነን። ልጅህ ብርቱካን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ቁጣዋ ያንተው ነው። ከመንግሥት እርሻው ግቢ ወጥተን ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። እንዴት እንደወጣን እደርስበታለሁ።

ያ ሁሉ ነገር የመጣው በዘነቡ ዓይን ነው። ታስታውሳለህ፣ ለአረም ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ የምንቀልበው እኔና ዘነቡ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ነበርን። ለማገዶ የግራሩን ግንድ የምንፈልጠውም እኛው። አንድ ቀን ዘነቡ ስትፈልጥ ስንጣሪው ተፈናጥሮ ግራ ዓይኗን አጠፋው። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደን የሚፈልጥልን ወንድ ይቀጠርልን ብንለው፣ “የሴቶች እኩልነት ታውጆ የለም እንዴ? መጥረቢያ የወንድ ነው ያላችሁ ማን ነው?” ብሎ ሳቀብን። የአንድ ዓይን መጥፋት አሳቀው!

ይህን ስነግርህ ጉርሻህን መልሰህ ተነሣህ። አንተ ከተናደድክ እጅህ አያርፍም ነበር። “በዚህ ቆላ እኔ የማላስነሣው ሞተር የለም” የምትል ጉረኛ ነበርክ፤ እኔም ጉራህን እወድልህ ነበር። ጋራዡን የምትመራው አንተ ነህና ግንድ የሚፈልጥ መኪና ልትሠራ ከተጣለው ብረት መካከል ገባህ። ከተሰበረ ተሳቢ ወፍራሙን ብረት ቆረጥክ። ከሞተ ትራክተር ሲሊንደሩንና የዘይት ፓምፑን ነቀልክ። ውሃ ይስብ የነበረውን አሮጌ ሞተር ጠግነህ ከፓምፑ ጋር በቺንጋ አገናኘኸው። ከማረሻ ብረት ሽብልቅ አውጥተህ ጫፉ ላይ በየድከው።

መጀመሪያ ስትሞክረው ብረቱ ጎበጠ፤ ግንዱም ተስፈንጥሮ የጋራዡን ቆርቆሮ በሳው። ሾፌሮቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሲስቁብህ “ሳቁ፣ ሳቁ! ሚስቶቻችሁ ሲመርቁኝ ደግሞ እናያለን” አልካቸው። ከሥሩ ሌላ ብረት ደረብክበትና እንደገና አስነሣኸው። ፒስተኑ ሳይቸኩል ግንዱን ወደ ሽብልቁ ገፋው። ግንዱ ተንቋቋ፣ አቃሰተ፣ ለሁለት ተከፈለ። ዘነቡ የመኪናዋን እጀታ ካንተ ተቀብላ የሚቀጥለውን ራሷ ፈለጠች፤ በቀረላት ዓይኗ እያለቀሰች። ከዚያ ወዲያ መጥረቢያ አልነካንም።

አንድ ነገር ብቻ አላማረህም። ዘይቱን በግፊት የሚያስተላልፈው የጎማ ቱቦ ከዚያው ከሞተው ትራክተር የተነቀለ፣ ፀሐይ የበላው ነበር። መጋዘን ውስጥ አዲስ ቱቦ መኖሩን ስለምታውቅ ጠየቅህ። ሥራ አስኪያጁ “የመንግሥት ንብረት ለወጥ ቤት መጫወቻ አይወጣም” አለህ። ተመላለስክበት። ቤት ገብተህ ጫማህን እያወለቅክ “ይቺ ቱቦ ሰው ትጎዳለች፣ እናኑ” ማለትህ ዛሬም ጆሮዬ ላይ ነው።

ለአብዮቱ በዓል ከክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጣሉ የተባለ ጊዜ ግን ሥራ አስኪያጁ መጫወቻ ያላት መኪና ባንድ ጊዜ ክብር አገኘች። ቀይ ትቀባ አለ። እየሠራች ትታይ አለ። ስለ ቱቦው ብታነሣበት “ለአንድ ቀን ትችላለች” አለህ።

አንድ ቀን ጠዋት ስትፈትሻት ዘይቱ የሚያመልጠው ከየት እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩን ሳታጠፋ እጅህን ቱቦው ላይ አስሄድክ። እዚህ ላይ በአንተም እናደዳለሁ፣ ዳኜ። ሾፌሮቹን “ሞተር ሳታጠፉ በእጅ አትንኩ!” እያልክ የምትጮህባቸው አንተ አልነበርክም? ምን አስቸኮለህ? ጠቋሚ ጣትህ ላይ የእሾህ ጫፍ የምታህል ነጥብ ነበረች፤ ደም እንኳ አልወጣትም። “ምንም አይደለም” ብለህ ምሳህን በላህ። ወዲያው ጣትህ ነጣ፤ እጅህ እስከ ክርንህ አበጠ፤ አንተ የማታቃስተው ሰውዬ ጥርስህን ነከስክ።

የክሊኒኩ የጤና ረዳት አይቶ ደነገጠ። “በግፊት ያመለጠው ዘይት እንደ መርፌ ወግቶ ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬውኑ ጎንደር ይድረስ” አለ። በዚያ ጭቃ መሄድ የምትችለው የእርሻው ጂፕ ነበረች፤ ታጥባ ቢሮው ደጃፍ ቆማለች። ሥራ አስኪያጁ እግር ላይ ወደቅሁ። “ለእንግዶች የተመደበች ናት። ሰው እሾህ ወጋው ተብሎ ጂፕ አይንቀሳቀስም” አለና ተራምዶኝ ገባ። ተራምዶኝ!

በማግስቱ አንድ ሾፌር፣ ዛሬም እዚያው ስለሚሠራ ስሙን አልጽፍም፣ ሳይፈቀድለት ትራክተሩ ላይ ተሳቢ ቀጥሎ ጫነን። ጭቃ ውስጥ ስንዋትት ዋልን። እጅህ ጠቁሮ ነበር፤ ደረቴ ላይ ደግፌ ይዤልህ ነበር። አንተ ትኩሳቱ ውስጥ ሆነህ “ዘነቡን አደራ፣ ቱቦው ሳይቀየር መኪናዋን እንዳትነካ በያት” ትላለህ። ከገንዳ ውሃ በጭነት መኪና ያንኑ ሌሊት ጎንደር ደረስን። ሐኪሙ አንተን አይቶ፣ ቀጥሎ እኔን አይቶ፣ “ትናንት ብትደርሱ እጁን እንጂ ነፍሱን አናጣም ነበር” አለኝ። ይቺን ቃል ይዤ ነው የቀበርኩህ።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ስመለስ እንግዶቹ ገና አልመጡም ነበር። ዋልካው መንገድ ዘግቶባቸው ነው አሉ። ጂፗ አንተ ስትሞት ማንንም ሳትጭን ቆማ ነበር። መኪናህን ቀይ ቀብተው ሰንደቅ ሰቅለውባታል። ጠጋ ብዬ አየሁ። ቱቦዋ አዲስ ነው! ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከመጋዘን የወጣ። አንተ ስትለምን የተከለከለው ቱቦ፣ አንተ ጎንደር አልጋ ላይ ሳለህ ተገጠመ።

እንግዶቹ የመጡ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ሞልቶ “ይህች የአመራራችን ፍሬ ናት” ሲል፣ ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ከሴቶቹ መካከል ወጣሁ። “ይህን የሠራው ባሌ ዳኘው ነው። ይሄ ቱቦ እሱ ሲለምን ተከለከለ፤ እሱ ሲሞት ተገጠመ። ያቺ ጂፕም ሲሞት እዚያው ቆማ ነበር” አልኩ። ሥራ አስኪያጁ “ሐዘን አናግሯት ነው” አለ። ይህን ጊዜ ዘነቡ መጥታ አጠገቤ ቆመች። “እኔን ሐዘን አላናገረኝም፤ እውነቷን ነው” አለች። ከዚያ ሌሎቹም ሴቶች መጡ። ትልቁ እንግዳ ቱቦውን ተመለከተና ጫማውን ማየት ጀመረ። አጨብጭቡ ሲባል ያጨበጨበ ሠራተኛ አልነበረም።

ፍርድ ያገኘሁ እንዳይመስልህ። ፀረ-አብዮት ተብዬ ታሰርኩ፤ ስፈታ ቤታችን ለሌላ ተሰጥቶ፣ ዕቃችን ዝናብ ላይ ጠበቀኝ። ሥራ አስኪያጁ ዛሬም ወንበሩ ላይ ነው። መዝገባቸው “በራሱ ግዴለሽነት ሞተ” ይላል አሉኝ። ብቻ መኪናህን እንግዶቹ ሲሄዱ ዘነቡና ሴቶቹ በገመድ ጎትተው ወጥ ቤት መልሰዋታል፤ የሚከለክል ደፋር አልተገኘም። ገበያ ስትመጣ ትነግረኛለች፤ ዘንድሮም የተጎዳ የለም።

ለቅሶ የሚደርሱኝ ሁሉ ሊያጽናኑኝ “ቀኑ ደርሶ ነው” ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ እሺ እንድል ይጠብቃሉ። አልልም፣ ዳኜ። ቀንህ አልደረሰም ነበር። ለብርቱካንም የምነግራት ይህንኑ ነው፤ አባቷ ምን እንደሠራ፣ ማን ምን እንደነፈገው። እስክታድግ እኔ እናገራለሁ፤ እኔ ሳልፍ እሷ ትናገራለች። በሰላም ተኛ፤ እኔ ግን ዝም አልልም።

ባለቤትህ እናኑ