ሳይረጋ የቀረው የረይሃና ኬክ

ለተከበሩ የከተማችን የመብራት ማከፋፈያ ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ በሙሉ ጤናና በሙሉ ደስታ፣ በዚህ ሙቀትም ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣችሁ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ስሜ ጅብሪል አባቦራ ይባላል። በቾ ቦሬ ቀበሌ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ስለሆነ እስከ ዛሬ ስለ መብራት ጉዳይ እርስዎን ያስቸገርኩበት ቀን የለም። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፍልዎ ተናድጄ አይደለም። መናደድ ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ከቅዳሜው ወዲህ እጄም እግሬም የሌላ ሰው ይመስለኛል። የምጽፍልዎ ለተደረገልን ነገር ሁሉ በሕዝብ ፊት ምስጋናዬን ለማቅረብ ብቻ ነው። ምስጋናው ለምን እንደሆነ በቅጡ እንዲገባዎ ግን አስቀድሜ ስለ ልጄ ጥቂት እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ።

ረይሃና የመጀመሪያ ልጄ ናት። ዓረብ ሀገር በቤት ሠራተኝነት ብዙ ዓመት ኖራ፣ አምና ክረምት ሊገባ ሲል አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዛ ተመለሰች። እናቷ ሳሊሀ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «ማል ታቴ? ምን አደረጉሽ ልጄ?» ብላ ብትጠይቃት «ደህና ነኝ እማ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህም አልተናገረችም። ቤት ታጸዳለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ሲጠሯት «አቤት» ትላለች። ምግብ ሲቀርብ ግን ከእኛ ጋር አትቀርብም፤ እኛ በልተን ስንነሳ ኩሽና ገብታ ቆማ ትጎርሳለች። ቁጭ በይ ስንላት ትቀመጣለች፤ ከተቀመጠች ግን አትበላም።

እንዲህ ስንኖር አንድ ቀን ጠዋት ሱሪ ስሰፋ መጥታ አጠገቤ ቆመችና «አባ፣ እዚያ ለልጆቻቸው የምሠራው አንድ ኬክ ነበር» አለችኝ። እግሬን ከመርገጫው አነሳሁ። በአይስክሬም የሚሠራ፣ እሳት የማይነካው፣ ንብርብር ያለው ኬክ ነው አለችኝ። «ልደት በመጣ ቁጥር የምሠራው እኔ ነኝ። እስከ በሩ እወስደዋለሁ፤ ከዚያ እመቤቲቱ ትቀበለኛለች። ሲቆረጥ አይቼው አላውቅም። እዚህ ብሠራውና ቁጭ ብለን ብንበላውስ?»

የተከበሩ ኃላፊ፣ ከተመለሰች ጀምሮ ልጄ ከዚህ ዓለም የፈለገችው ይህን አንድ ነገር ነበር። በዝቶ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ፍሪጁን የገዛነው ድሮ እሷ በላከችው ገንዘብ ነው። እናቷ ዳንቴል ደርባበት ሳሎን ውስጥ እንደ ክቡር እንግዳ ተቀምጦ ኖሯል። ረቡዕ ዕለት ዳንቴሉ ተነሳ። ሳሊሀ ገበያ ወጥታ ብስኩት፣ የክሬም ዱቄትና የጣሳ ወተት ገዝታ መጣች። ደዶ፣ ገጠር ያለው ወንድሜ ከጓሮው ቡና ላከልን፤ ረይሃና አንዱ ንብርብር የቡና ይሁን ብላ ነበርና። ይህ የራሷ ጭማሪ ነው፤ እዚያ እንዲህ አይደረግም አለች። ብስኩቱን አድቅቃ በቀለጠ ቅቤ ለወሰችውና ጎድጓዳ ክብ ትሪ ውስጥ ከታች ጠቀጠቀችው። «ከዚህ በላይ ነጩ ይመጣል፣ ከነጩ በላይ የቡናው። ግን የታችኛው እንደ ድንጋይ ሳይጠነክር የላይኛው አይፈስበትም፤ ካለዚያ ይደባለቃል» እያለች ለእናቷ ስታስረዳት ድምጿን ከግድግዳው ማዶ ሰማሁ። ብዙ ቃል ነበር። ሥራዬን ትቼ አዳመጥኩ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

1ኛ. ነጩ ንብርብር ገና ዳር ዳሩን ያዝ ሲያደርግ መብራቱን ስላጠፉልን አመሰግናለሁ። ወደ ቢሮዎ ስደውል ያነሳችው ልጅ በጣም ጨዋ ናት። «አባባ፣ ፍሪጅ ውስጥ መድኃኒት አለዎት?» አለችኝ። የለም አልኳት። «ሥጋ ነው?» አለችኝ። «ኬክ ነው» አልኳት። አጠገቧ ላለ ሰው «ኬክ ነው ይላሉ» ስትል፣ ቀጥሎም ሲስቁ ሰማሁ። በሥራ ሰዓት ሠራተኞችዎን ለማዝናናት በመብቃቴ ክብር ይሰማኛል። መብራቱ ሲመሽ መጣ፤ ነጩም ሲነጋ ረግቶ ተገኘ። ረይሃና በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋው «ይዟል» አለች። ለዚህኛው ያለ ቅሬታ አመሰግናለሁ።

2ኛ. በማግሥቱ የቡናው ንብርብር እንደተደረበ እንደገና በማጥፋትዎ ጎረቤቴን ይበልጥ እንዳውቃቸው አድርገውኛልና አመሰግናለሁ። ወይዘሮ አበራሽ ከአጥራችን ማዶ ለስላሳ መጠጥ ይሸጣሉ፤ ትልቅ ፍሪዘር አላቸው፤ መብራትም የሚያገኙት ከሌላ መስመር ስለሆነ የእሳቸው አልጠፋም ነበር። ረይሃና ትሪውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋው ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ወይዘሮ አበራሽ ነገሩን ሲሰሙ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ፍሪዘሩን ከፍተው ለዘመድ ድግስ የገዙትን ሥጋ ያወጡ ጀመር። ኧረ ይተዉት፣ ባዶ ቦታ አይጠፋም ብላቸው «የለም አቶ ጅብሪል፣ የክርስቲያን ሥጋ ያለበት ውስጥ አይገባም። ልጅቷ ልቧ ሳይጠራጠር ነው መብላት ያለባት» አሉኝ። ሥጋውን ለእህታቸው ቤት ላኩት፤ ፍሪዘሩን በሙቅ ውሃ አጥበው ኬኩን ብቻውን አስገቡት። ረይሃና ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። ከተመለሰች ጀምሮ በገዛ ፈቃዷ ሰው ስትነካ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

3ኛ. ዓርብ ዕለት የወይዘሮ አበራሽንም መስመር በማጥፋት ነዋሪውን በእኩል ዓይን እንደሚያዩ ስላስመሰከሩ አመሰግናለሁ። ከጁምዓ ሰላት መልስ በእግሬ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። የእርስዎ መብራት በርቶ ነበር፤ ደስ አለኝ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁት ወጣት በትሕትና «ፈረቃ ነው አባባ» አለኝ። የማን ፈረቃ እንደሆነ ብጠይቀው «የሁሉም» አለኝ። መቼ እንደሚመጣ ብጠይቀው «ሲመጣ ያዩታል» አለኝ። በዕድሜዬ ከቢሮ ሰው እንዲህ ያለ ግልጽ መልስ አግኝቼ አላውቅም። ቢሮው እስኪዘጋ ድረስ ተቀምጬ ጠበቅሁዎ። ስብሰባው ፍሬያማ እንደነበረ አልጠራጠርም።

የቀረውን ምን ቁጥር እንደምሰጠው ስላላወቅሁ ያለ ቁጥር እጽፈዋለሁ።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ድረስ መብራት አልመጣም። ረይሃና ግን አዲስ የጠረጴዛ ልብስ አንጥፋ፣ አራት ወንበር አስተካክላ፣ በአንደኛው ወንበር መደገፊያ ላይ የራሷን ሻርፕ አንጠልጥላበት ነበር፤ የእሷ መሆኑ እንዲታወቅ። ወይዘሮ አበራሽ ትሪውን ራሳቸው ይዘውት መጡ። ፊታቸውን ሳይ ገባኝ። ክዳኑ ሲነሳ ነጩና የቡናው ተደባልቀው የክረምት ጎርፍ መስለዋል፤ የብስኩቱ ፍርፋሪ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ረይሃና አላለቀሰችም። «ችግር የለውም» አለች። ትሪውን ወደ ኩሽና ወስዳ በብርጭቆ ቀድታ ለሦስታችን በየተራ አቀረበችልን። ከዚያ ሁለት እጇን ከፊቷ አጣምራ በሩ አጠገብ ቆመችና ሌላ የምንፈልገው ነገር እንዳለ ጠየቀችን። የጠየቀችን በዓረብኛ ነበር።

እናቷ «ያ ረቢ» ብላ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። እኔ ጠጣሁት። ይጣፍጥ ነበር፤ ይህንንም እንዲያውቁት ብዬ ነው። ወይዘሮ አበራሽ ከመቀመጫቸው ተነስተው ወንበሩን ሳቡላትና «ነይ ልጄ፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ» አሏት። መጣች። ሻርፗን ከወንበሩ ላይ አነሳች፣ ራሷ ላይ አሰረችው፣ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ልታጥብ ገባች።

ከዚያ በኋላ ከደላላ ጋር በስልክ ስትነጋገር ሰማኋት። ፓስፖርቷንም አሳድሳ ኖሯል። «ሌላ ቤት ነው አባ፣ ከተማውም ሌላ ነው» አለችኝ። «ለምን?» አልኳት። «እዚያ ቢያንስ የጀመርኩት ነገር ያልቃል» አለችኝ። ሻንጣዋን እስከ መናኸሪያ የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። አንድ አባት በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚለውን ቃል ስፈልግ አውቶቡሱ ሄደ።

ካሣ አልጠይቅዎትም። ማብራሪያም አልፈልግም፤ የቢሮዎ ወጣት አብራርቶልኛል። ለሰፈራችን ስለ ደከሙት ድካም ሁሉ እያመሰገንኩ፣ ፈረቃ የሚባለው ነገር የእርስዎን በር ሳያንኳኳ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ስብሰባዎ እንዲሰምር፣ ልጆችዎም ሁልጊዜ በዓይንዎ ሥር እንዲሆኑ ዱዓ እያደረግሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት እሰናበትዎታለሁ።

ታማኝ ደንበኛዎ
ጅብሪል አባቦራ
ልብስ ሰፊ፣ በቾ ቦሬ፣ ጅማ

ሳልጠቅሰው እንዳላልፍ፦ ረይሃና ትናንት ደውላ ነበር። ከመጀመሪያ ደሞዟ ምን እንድትልክልን እንደምንፈልግ ስትጠይቀን እናቷ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔም መልሼ ለእናቷ ሰጠኋት። «እንግዲያውስ ለቤቱ ጀነሬተር ይሁን» አለች። ስለዚህ የእኛን ቤት ከሐሳብዎ ሊያወጡት ይችላሉ፤ ከእንግዲህ የእርስዎን ሥራ ሰው ሀገር ሆና የምትሠራልዎ ልጄ ናት።