የቦይለሯ ቅርፊት

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? እትዬስ፣ ልጆቹስ? ብርዱ እንዴት አደረጋችሁ? እኛ በጤና በኩል አንታማም፤ አባባም ሳላቸው ለቋቸዋል። ሌላውን ባልነግርህ ደስ ይለኝ ነበር።

በስልክ ያልከኝን አደረግን። የልብስ ማጠቢያ ቤታችን ቦይለር ውስጧ ኖራ ጋግሮባት ውሃ ለማሞቅ ግማሽ ቀን ትፈጅ ስለነበር፣ አንተ በምትሠራበት ወጥ ቤት ማንቆርቆሪያውን እንደምታጸዱት፣ አቼቶ በሙቅ ውሃ በጥብጠን ሞላንባት። ጆሮዬን ብለጥፍ ውስጧ እንደ ተከፈተ ለስላሳ ሽሽ ይላል። ኖራውን ሲበላው አረፋ ያወጣል ብለኸኝ አልነበር? አባባ እጃቸውን ጎኗ ላይ አስደግፈው «ዛሬ ገና አፏን ፈታች» አሉ። በማግስቱ ስንደፋው የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ነጭ ስብርባሪ ባልዲ ሙሉ ወጣ። ደስ አለን።

ንጹሕ ውሃ ሞልተን እሳት ስንለኩስ ከሥሯ ማልቀስ ጀመረች። መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ በየቦታው እንደ ክር፤ እሳቱንም አጠፋችው። በያጁን ጠራነው። በመዶሻ ኳ ኳ አደረገና፣ «ብረቱ ካለቀ ቆይቷል። እስከ ዛሬ ውሃውን ይዞ የኖረው ቅርፊቱ ነው። ምኑ ላይ ልበይደው?» ብሎ ዕቃውን ሰበሰበ። ካውያ ተኳሻችን ቀልድ አይተውም፤ «እኔ ከእንግዲህ ሰላጣ ላይ አቼቶ አላደርግም፣ አንጀቴን ምን እንደያዘው በምን አውቃለሁ?» አለ። ማንም አልሳቀለትም። ሆቴሉ አንሶላዎቹን ሌላ ጋ ወስዷል። እሱ ከቀረ ሌላ የረባ ደንበኛ የለንም። ልንኩላት ሄደን ዓይኗን አጠፋን።

አባባ ግን አልተቀበሉም። በየማለዳው ውሃ ይሞሉባታል፣ ከሥሯ ባልዲ ይደቅናሉ፣ የተንጠባጠበውን መልሰው ይጨምራሉ። ውሃው ራሱ ቅርፊት ሠርቶ ይደፍናታል ይላሉ። ስብርባሪውንም አልጣሉትም፤ እየወቀጡ ይመልሱባታል። ይተዉት ብላቸው አይሰሙኝ፣ ዝም ብል አላስችል አለኝ። ትናንት፣ «ወንድምሽ የሚያሟሟውን ካወቀ የሚመልሰውን አያጣም፤ ጻፊለት» አሉኝ።

የሚመልሰው እንደሌለ አንተም እኔም እናውቃለን። ቢሆንም አንድ ነገር ጻፍልኝ። ዓይናቸው ስለደከመ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ከራሴ ፈጥሬ እንዳላነብ ደግሞ ውሸቴን ከድምፄ ይለዩታል።

እትዬን ሳምልኝ። ትልቁን ልጅህን በርታ በለው፣ ትንሿን ጉንጯን ቆንጥጥልኝ። አክስታችን በጸሎቷ አልረሳችህም። ተኳሹም ሰላም ብሎሃል። አባባ ባልዲው ሞላ እያሉ እየጠሩኝ ነው።

እህትህ
ከማጠቢያ ቤቱ ጓሮ
ኅዳር ፯ ቀን