ብርጭቆውን ራሱ የሚያጥብ ሰው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ቀኑን ሙሉ የዩኒፎርም ሱሪ ሳሳጥር ዋልኩ። ክሩ አሁንም አሁንም ይበጠሳል። ርካሽ ክር የገዛሁት ራሴ ነኝ፣ ማንን ልክሰስ?

ልጄ ከምትሠራበት መነጽር ቤት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች። ነገር ሲኖራት እንዲህ ናት። የልብስ ቁልፍ የማስቀምጥበትን ቆርቆሮ አንስታ ታንቃጭላለች...

"እማዬ፣ የማስተዋውቅሽ ሰው አለ።"

"ሥራው ምንድን ነው?" ስሙን እንኳ አላስቀደምኩም።

"መንገዱ መጨረሻ ላይ አዲስ ቢራ ቤት ተከፍቷል አይደል? ቢራውን እዚያው የሚጠምቁት? ጠማቂው... እሱ ነው።"

መቀሱን አስቀመጥኩት። መልሼ አነሳሁት። ከስንቱ ሙያ! አናጢ ጠፋ? ሹፌር ጠፋ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ቤት ይምጣ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። "ይቆይ" አልኳት። ምን እስኪሆን? አላውቅም። ብቻ ይቆይ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

እንቅልፍ የለም። ለጎረቤቴ ለነርሷ ነገርኳት። "ቢራ የሚሠራ ሁሉ ሰካራም ነው እንዴ? እኔ ሰው በመርፌ ስወጋ ነው የምውለው፣ ራሴን ወግቼ አላውቅም" አለችኝ። ለእሷ ሁሉ ነገር ቀልድ ነው።

ምን ታውቃለች? ባሌን የምታውቀው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶ ብቻ ነው። ጨዋ ሰው ነበር። ድምፁ አይሰማም። እየተንገዳገደ ገብቶ አያውቅም፣ ሰድቦኝ አያውቅም። ሰዉን ሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ የጠጣበትን ብርጭቆ ራሱ ማጠቡ ነበር። "ታድለሽ!" ይሉኝ ነበር ሴቶቹ። እኔም ታድዬ ስንት ዓመት ኖርኩ። ለምን እንደሚያጥበው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሽታው እንዳይቀር ነበር። ውሃ የመሰለኝ ሁሉ ውሃ አልነበረም።

ልጄን "አባትሽን ራሱን ያመዋል" እያልኩ አሳደግኳት። በመጨረሻ ጉበቱ ነው የገደለው። እሱንም "ድንገተኛ ሕመም ነው" አልኳት። ትንሽ ልጅ ናት፣ ምን ልበላት?

ከቀብሩ ስመለስ ለራሴ ማልኩ። ልጄ ጠጪ አታገባም። እኔ ቆሜ እያየሁ አይሆንም።

ሄጄ አየዋለሁ። ሳያውቀኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሄድኩ። ሻሽ አሰርኩ፣ ልጄ ለልደቴ የሰጠችኝን ጥቁር መነጽር አደረግኩ፣ በዚያ ላይ ካፖርት። መስታወት ፊት ስቆም ሰላይ መሰልኩ። ጡረታ የወጣ ሰላይ።

ቤቱ ዱሮ የጎማ መጋዘን ነበር። አሁን ረጃጅም አግዳሚ ወንበር ገብቶለታል። ከኋላ በመስታወት የተከለለ ክፍል አለ፣ እዚያ ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጡ የብረት ጋኖች ቆመዋል። የሚከረፋ ነገር ጠብቄ ነበር። የሸተተኝ ግን ሊበስል የተቃረበ ዳቦ ነው። ይሄም አጠራጠረኝ።

አስተናጋጇ ጥፍሯን ቢጫ የተቀባች ቀልጣፋ ልጅ ናት። "ማዘር፣ የቤቱን ቢራዎች ላስቀምስዎት?" ማዘር! ቀልቤ አልወደዳትም። እንጨት ላይ አራት ትንንሽ ብርጭቆ ደርድራ መጣች። ስም አውጥተውላቸዋል። ነጣ ያለችው አክስት፣ ቀዩ አጎት፣ ጥቁሩ አያት።

"ይቺኛዋስ?"

"እሷማ አማት ናት። ትመራለች። ግን አንዴ ከለመዷት ሌላ አያምርዎትም።"

አማት! ከንፈሬን ብቻ አስነካሁ። የምስር ሾርባና ከተጠመቀው ብቅል ትራፊ ይጋገራል የሚሉትን ዳቦ አዘዝኩ።

ከዚያ አየሁት። በመስታወቱ ውስጥ። ረጅም፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገ። እጅጌውን ጠቅልሏል፣ አንዱ ከአንዱ ጋር እኩል አይደለም። በእጁ ደግሞ... ብርጭቆ። ገና ምሳ ሳይደርስ!

ሳላዝዝ ሁለተኛ ዳቦ በቅቤ መጣ። "ግብዣ ነው" አለች አስተናጋጇ። የማን ግብዣ? ለማያውቁት ሰው? ከዚህ ቤት ጀርባ አንድ ነገር አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ዳቦው ግን... ይሄን ለማንም አልናገርም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ነርሷን ይዣት ሄድኩ፣ ምስክር እንድትሆነኝ። ምስክሬ ከተቀመጠችበት ደቂቃ ጀምሮ አጎትን ስትጨልጥ ቆየች፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ። የተጠበሰ ዶሮ በድንች አዘዝን። ቆዳው ኩርሽም ኩርሽም ይላል። "ምን ቀብታችሁት ነው?" ብል "ያንኑ ቢራ" አለች አስተናጋጇ። የማይገባበት ነገር የለም!

ዶሮውን እየጋጥኩ ቀና ስል ጠማቂው ብርጭቆውን ይዞ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። አስተናጋጇ ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። አልሰጣትም። ራሱ አጠበው። ሁለቴ አለቅልቆ፣ ወደ መብራቱ አንስቶ አየውና ደፍቶ አስቀመጠው።

የያዝኩት ሹካ ወደቀ።

"ምነው?" አለች ነርሷ።

"ብርጭቆውን ራሱ አጠበ።"

"ቢራ ቤት ውስጥ ብርጭቆ አይታጠብ ነው የምትይው?" ሳቀች፣ ሳቋ ቤቱን ሞላው። ትሳቅ። ሆዴ ያወቀውን አውቋል።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

"ይጠጣል ወይስ አይጠጣም? አንድ ቃል ነው የምፈልገው!" አልኳት ልጄን።

ካልሲ እያጠፈች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። "እሱን ጠይቂው" አለች።

ይሄ መልስ ነው? የሌለበት ሰው ቢሆን "አይጠጣም" ብላ አትገላገልም? እየሸፈነችለት ነው። ገና ሳታገባው ጀመረች። ልክ እንደ እኔ... ልክ እንደ እኔ!

ስፌት አልያዝኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ብቻዬን ሄድኩ። "ወንበርዎን ይዘንልዎታል" አለችኝ አስተናጋጇ። ወንበሬ? ከመቼ ወዲህ?

ብቻ ከመስታወቱ ትይዩ ነው፣ ተመችቶኛል። ዓይኔን ብርጭቆው ላይ ተከልኩ። ይሄን ሥራ ማንም አይቀማኝም። በጠርሙስ ወረቀት ላይ የመጠጡን ልክ በጥፍሬ ምልክት እያደረግኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። በከረሜላ የተሸፈነ ትንፋሽ ከሩቅ እለያለሁ።

ብርጭቆው አይጎድልም።

ይቀዳል። በብርሃን ያየዋል። አፍንጫውን ይከትበታል። አንዴ ይጎነጫል፣ አፉ ውስጥ ያገላብጠዋል... ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ ወዳለው ማፍሰሻ ይተፋዋል። የቀረውንም ይደፋዋል። ከዚያ ያጥባል።

ለምን ይተፋል? የሠራውን የማይቀምስ ወጥ ቤት ማን ያምናል? ምን ቢጨምርበት ነው? እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ አክስትን እስከ ግማሽ... አማትንም፣ እውነት ለመናገር፣ ከግማሽ በላይ...

አማትን በጠርሙስ አስሞልቼ ለነርሷ ወሰድኩላት። "ላብራቶሪ አስመርምሪልኝ" አልኳት። እዚያው በቆመችበት ጨለጠችው። "ውጤቱ ደርሷል" አለች አፏን እየጠረገች። "ጥሩ ነው።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ቤቱ ሞልቷል፣ የሆነ ቡድን አሸንፎላቸው። ጠማቂውን ከመስታወቱ ክፍል ጎትተው አወጡት። "ከእኛ ጋር ካልጠጣህ አንለቅህም!" ብርጭቆ አስያዙት። ሳቀላቸው። አጋጨ። ወደ አፉ አነሳው። እኔ ጉሮሮውን ነው የማየው። አልተንቀሳቀሰም። "መጣሁ" አለና ወደ በርሜሎቹ ጀርባ ዞረ። ሲመለስ ብርጭቆው ባዶ ነው። አጨበጨቡለት።

እኔ አላጨበጨብኩም። ይሄን "መጣሁ" አውቀዋለሁ። ባሌም እንግዳ ፊት ውሃ ይዞ ተቀምጦ "መጣሁ" ይልና ወደ ጓዳ ይዞር ነበር። ልዩነቱ ባሌ የሚሄደው ሊጠጣ ነበር። ይሄኛው የሚሄደው ሊደፋ ነው። ያው ዘዴ፣ ተገልብጦ።

ይሄን ዘዴ ማን አስተማረው? እንዲህ አድርጎ መደበቅ የሚችልበት መደበቅ የለመደ ሰው ነው። ፈራሁ። ጠጪ ነው ብዬ ከፈራሁት በላይ አሁን ፈራሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ዛሬ የሆነውን በሥርዓት ልጻፈው።

ወንበሬ ላይ ነበርኩ (ይኸው፣ "ወንበሬ" አልኩ)። ሾርባዬን ራሱ ጠማቂው ይዞልኝ መጣ። አስቀምጦ አልሄደም።

"እማማ፣ አንድ ኮት አለኝ። እጅጌው ይረዝምብኛል። ያሳጥሩልኝ ይሆን?"

"ልብስ ሰፊ መሆኔን ማን ነገረህ?"

አቀረቀረ። "መነጽሩ... ለልደትዎ ስትመርጥልዎት አብሬያት ነበርኩ። ያወቅኩዎት በመጀመሪያው ቀን ነው።"

ኧረ ጉድ! ዳቦው! ወንበሩ! መነጽሬን አወለቅኩ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ሊያዩኝ ነው የመጡት። ይዩኝ ብዬ ነው።"

ኮቱን አስመጣሁት፣ አስለበስኩት። ሜትር ከቦርሳዬ አይጠፋም። ሰው ሲለካ አይሸሽም፣ ለዚህ ነው ሥራዬን የምወደው። እጅጌውን ለካሁ። ትከሻውን ለካሁ። አንገቱንም ለካሁ። እጅጌ ለማሳጠር አንገት እንደማይለካ እሱም ሳያውቅ አይቀርም፣ ግን ጎንበስ አለልኝ። አሸተትኩት። ሳሙና። ብቅል። ሌላ ምንም የለም።

"ለምንድን ነው የምትተፋው?" አልኩት፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ።

ፈገግታው ጠፋ። "ከዋጥኩ አላቆምም፣ እማማ። ያኔ ሳላቆም ቀርቼ ሥራዬንም ቤቴንም አጥቼ ነበር። ከተውኩ አምስት ዓመት ሆነኝ።"

"ታዲያ እዚህ መሀል ምን ትሠራለህ? ሌላ ሥራ የለም?"

"ሞከርኩ። የምችለው መጥመቅ ነው። የማልችለው መዋጥ ነው።"

"ልጄ ታውቃለች?"

"እሷ እኮ ናት የያዘችኝ። እዚህ የመጣች ቀን፣ ገና ሳንተዋወቅ፣ መስታወቱን አንኳኩታ 'ለምን አትውጠውም?' አለችኝ። ከእሷ በፊት ማንም ነቅቶብኝ አያውቅም።"

ሜትሩን ጠቀለልኩ። "ባሌ ብርጭቆውን ራሱ ያጥብ ነበር" አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ለነርሷ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ገብቶታል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

"ብርጭቆ ማየት ማን አስተማረሽ?" አልኳት ልጄን።

"አንቺ።"

"እኔ?"

"አባዬ አጥቦት ሲሄድ አንስተሽ ታሸቺው ነበር። በሩ ጋ ቆሜ አይሽ ነበር።"

"ራሱን ያመዋል ስልሽ..."

"አውቅ ነበር፣ እማዬ። እንዳይከፋሽ ነው ዝም ያልኩት።"

እኔ ከእሷ ስደብቅ፣ እሷ ከእኔ ስትደብቅ... በአንድ ቤት፣ ይሄን ሁሉ ዓመት። አለቀስኩ። እሷ የቁልፍ ቆርቆሮውን ይዛ ታንቃጭላለች።

"አትፈሪም?" አልኳት።

"በየቀኑ እፈራለሁ። እሱም ይፈራል። አባዬ አይፈራም ነበር።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ይምጣ አልኩ። የሚመጣው ሳምንት እሑድ፣ ለምሳ። አልኩ እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም። አምስት ዓመት ብዙ ነው? ትንሽ ነው? ማን ይጠየቃል?

እሑድ፣ ኅዳር 15

መጣ። ኮቱን ለብሶ ነው። እጅጌው ልክ ሆኗል፣ ማን ያሳጠረው ሆነና! ያን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ነርሷ ሳትጠራ መጣች፣ ለእሷ አማት ሳይመጣላት በመቅረቱ እስከ ሰላጣው አኮረፈች። ዓሣ ጠብሼ ነበር። "እጄን ልታጠብ" ብሎ ወደ ጓዳ ሲገባ ጆሮዬን አቆምኩ። የሰማሁት ውሃ ነው። ልጄ በዚያች ደቂቃ ማኘክ አቁማ ነበር፣ አይቻታለሁ።

ምሳው ሲያልቅ ተነስቶ ዕቃ ማንሳት ጀመረ። ዓይኔ ብርጭቆው ላይ ሄደ። የእኔን ሳህን፣ የነርሷን ሳህን... ልጄም ታግዘዋለች። ብርጭቆዎቻችንን ሰብስቦ ወስዶ አጠባቸው። የራሱን ግን አልነካውም። ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቴ ተወው። ከሥሩ ትንሽ ቀርቶበታል።

ነርሷ ሄደች። ልጄ እስከ መንገዱ ልትሸኘው ወጣች። እኔና ብርጭቆው ቀረን። አፈርኩ። እንግዳ የጠጣበትን... ምን ዓይነት ሴት ነኝ? ቢሆንም አነሳሁት። አሸተትኩት።

ውሃ።

ዞር ስል ልጄ ተመልሳ በሩ ጋ ቆማለች። ብርጭቆውን በቀሚሴ ልሸፍነው ሞከርኩ።

"ተይው፣ እማዬ" አለች። "እኔም ቅድም ዕቃ ሳነሳ አሽትቼዋለሁ።"

ሳቅን። መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ።

"እድሜ ልካችንን ስናሸት ልንኖር ነው?" አልኳት።

"እሱ ሳያጥብ እስከተወልን ድረስ" አለች።

ይሄን ስጽፍ ብርጭቆው አጠገቤ ነው። አላጠብኩትም።