ያለ ግሪስ የሚሠራ ኩሽኔታ ሲፈልጉ የኖሩት የታላቅ ወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ታላቅ ወንድማችን ከመካኒኩ አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። አንድ ነገር ከያዙ ሰው እስኪሰለች ስለማይለቁ የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው «ሞረድ» አሏቸው፤ ስሙም እስከ እርጅናቸው ተከተላቸው።

በ1966 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በሜካኒካል ምህንድስና በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። እንደ እኩዮቻቸው ድልድይ ወይም ፋብሪካ ቢሠሩ ምን ነበረበት? እሳቸው ግን እዚያው መምህር ሆነው ቀሩና ዕድሜያቸውን ፕላስቲክ ከብረት ጋር ሲያፋትጉ ጨረሱት። በኋላም ናኖቲዩብ የሚባሉትን ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ የካርቦን ቱቦዎች ከፕላስቲክ ጋር እየቀላቀሉ፣ ግሪስ ሳይቀባ ቶሎ የማይበላ፣ የማሽን ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ ለመሥራት ተነሡ።

በ1975 ዓ.ም. መምህርት ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። በሠርጋቸው ማግስት ላቦራቶሪ መግባታቸውን ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ይቅር አላሏቸውም።

ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ «ናኖቲዩብ ፕላስቲኩን ከመበላት አያድነውም» ብለው ጻፉ፤ በዚሁ ጽሑፍ ለፕሮፌሰርነት ታጩ። ወንድማችን ግን ቆሻሻ ማየት አይወዱም ነበርና ጠዋት ጠዋት ፕላስቲኩ የሚፋተግበትን ማሽን የብረት ዲስክ በአልኮል ይወለውሉ ነበር። አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሏቸው ሲሰነብቱ ማሽኑ ሳይወለወል ሲዞር ከረመ። ሲመለሱ ዲስኩ ጠቁሯል፤ ፕላስቲኩ ግን እምብዛም አልተበላም። ለካስ ጠርገው ሲጥሉት የኖሩት ጥቁር ነገር፣ ፕላስቲኩ ራሱ ብረቱ ላይ እየለጠፈ ከመበላት የሚድንበት ስስ ሽፋን ነበር!

ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸው ነበር? ሹመቱ ሊጸድቅ ጥቂት ሲቀረው «ተሳስቻለሁ» ብለው ጽሑፋቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ሳቡ፤ ሹመቱም በዚያው ቀረ። ባለቤታቸው «ዲስኩን ትተህ ቤቱን ብትወለውል ኖሮ ይሄኔ ፕሮፌሰር ነበርክ!» ቢሏቸው፣ «ኩሽኔታው መሥራት አለመሥራቱን ሳላውቅ ፕሮፌሰር ብባል ምን ይረባኛል?» ብለው መለሱ። እኛም ተናደን፣ መክረን፣ ለምነን ደከመን።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ «እሰይ፣ አሁን ቤት ይቀመጣሉ» አልን። የት አባቱ! ላቦራቶሪውን ለመጠቀም ከዩኒቨርሲቲው ፈቃድ አግኝተው ሥራውን ከዜሮ ጀመሩት። ልባቸው ታሞ ሆስፒታል ሲተኙም ሐኪሙ ስለ ትንፋሻቸው ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸው በስልክ ስለ ማሽኑ ይጠይቃሉ። በመጨረሻም ሐሙስ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የላቦራቶሪ ረዳታቸው ዛሬ ከቀብሩ ለምን እንደቀሩ የምትጠይቁ አላችሁ። ወንድማችን «ብሞት እንኳ እንዳታቆሙት፤ ዲስኩንም ማንም እንዳይነካው» ብለው ስላዘዙ ማሽኑን እየጠበቁ ነው። የመጨረሻው ናሙና ይህ ሲነበብም እየዞረ ነው። ሹመታቸውን የሰጡለትን መልስ ሳይሰሙ መሄዳቸው ያንገበግበናል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውንና እኛን እህትና ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ሆይ፣ ነፍሳቸውን በሰላም አሳርፍልን፤ ማረፍ አያውቁበትምና እባክህ ታገሣቸው፤ ውጤቱንም ቀድመህ ንገራቸው።