የሽንት ስትሪፕን ያላመኑት የአቶ ኢያቄም ወርቅአገኘሁ ዕረፍት

የላስታ ደጋ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ማኅበር አንጋፋ አባሉን አቶ ኢያቄም ወርቅአገኘሁን ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በድንገተኛ የልብ ሕመም አጥቷል። ሐዘናችን ከባድ ነው። ላቦራቶሪው ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታውን ማንም አልለመደውም።

አቶ ኢያቄም ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በላሊበላና በሙጃ አገልግለዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን «ንጹሕ ነው» የሚል ውጤት ያለ ጭቅጭቅ ፈርመው አያውቁም።

በ2010 ዓ.ም. በሙጃ ሲሠሩ ወ/ሮ ሸጌ አዳም የተባሉ ገበሬ ወገባቸውን ታመው መጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ብርድ ነው» ሲባሉ ቆይተዋል። ደማቸው አንሷል፣ ኩላሊታቸው ደክሟል፤ ሽንት ውስጥ የሚነከረው መመርመሪያ ወረቀት፣ ስትሪፑ፣ ግን ፕሮቲን የለም አለ። አቶ ኢያቄም አልተቀበሉም። አንዳንድ የአጥንት መቅኔ ካንሰር ሙሉ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም በሽታ ተከላካይ ፕሮቲን፣ ሳይሆን ቁራጩን ብቻ እንደሚያመርት፣ ቁራጩ በሽንት ሲወጣ ኩላሊትን እንደሚጎዳ፣ ስትሪፕ ደግሞ ይህን እንደማያይ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ አስረዱ። ማኅበራችን ለጩኸታቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ደብዳቤው ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ዘግይተናል፤ አፍረናልም።

ቀጥለው ወ/ሮ ሸጌ የአንድ ቀን ሽንታቸውን በጀሪካን አጠራቅመው እንዲያመጡ አዘዙ። ወ/ሮ ሸጌ አምስት ሊትሩን ጀሪካን ጢም አድርገው አቀረቡ። ለካ ባላቸው፣ አማታቸውና ሁለት ጎረቤቶች በደቦ አግዘዋቸዋል። ሲጠየቁም «ጎደሎ ዕቃ ይዞ ሰው ፊት ይቀረባል እንዴ?» ብለዋል።

አቶ ኢያቄም የመንደሩን ትብብር አመስግነው ሽንቱን ደፉት፤ ወ/ሮ ሸጌም ለብቻቸው እንዲደግሙ አደረጉ። ሁለተኛው ናሙና ወደ ከተማ ተልኮ ቁራጩ ፕሮቲን ተገኘበት። ሕክምናው በጊዜ ተጀመረ፣ ኩላሊታቸውም ተረፈ።

በ2011 ዓ.ም. በአቶ ኢያቄም ሐሳብ አመንጪነት በየጀሪካኑ ላይ «የታማሚው ብቻ፤ እርዳታ አንቀበልም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። እስካሁን የተቀየሙ ጎረቤቶች አሉ።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ የትናየት፣ ለልጆቻቸውና ለባልደረቦቻቸው ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልን።

ወ/ሮ ሸጌም በቀብሩ ዕለት ከሙጃ መጥተው ነበር። ከባድ ነገር እንዳይሸከሙ ሐኪም የከለከላቸው ቢሆንም፣ ሬሳውን ካልተሸከምኩ ብለው ከወንዶቹ ጋር ታግለዋል። «አያ ኢያቄም፣ ተራው የኔ አልነበረም ወይ?» እያሉ አልቅሰዋል። ማኅበሩ እርሳቸውንም ከቤተሰቡ ቆጥሮ መጽናናትን ይመኝላቸዋል።