ከቤዙ ሣጥን ጎን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጣቶችሽስ? ባለፈው የመሃል ጣትሽ ጫፍ መላጡን ጽፈሽልኝ ነበር፤ መዳኑን ግን ሳትነግሪኝ ቀረሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ቢያማትም አንደበቷ እንደምታውቂው ሙሉ ጤነኛ ነው። እኔም ተመስገን ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እንጨቴን እልጋለሁ፣ ስላንቺ አወራለሁ።

አንድ ሐሜት አለና ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ። ሰፈርተኛው ኮርቷል እያለኝ ነው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን እናትሽን አግኝታ፣ ባልሽ ልጁ መድረክ ላይ ከወጣች ወዲህ ሰው ንቋል፣ ከኋላው ሦስቴ ጠርቼው ዞር እንኳ ሳይል አለፈኝ ብላታለች። ዳቦ ሻጩም ይህንኑ ብሏል አሉ። እናትሽ ላስተባብል ብላ ስትነሳ፣ ተያቸው አልኳት። ይበሉ። ኮርቻለሁ እኮ። ልጁ ቤዝ ጊታር የምትመታለት ሰው ካልኮራ ማን ሊኮራ ነው?

ሌላው የቤት ወሬ፣ ትልቁን የኤሌክትሪክ መጋዝ ለአንድ ወጣት አናጢ አሳልፌ ሰጠሁት። እናትሽ ናት መፈናፈኛ ያሳጣችኝ። ከኋላህ ሰው ቢመጣ አታውቅ፣ መጋዙ ይዙር ይቁም አታውቅ፣ አንድ ቀን ጣትህን ትሰጠዋለህ አለችኝ። ሴትየዋ አንዴ ከያዘች እንደማትለቅ ታውቂያለሽ። የሥራ ጠረጴዛዬንም ፊቱን ወደ በሩ አዙሬዋለሁ፤ የሚገባ የሚወጣውን እያየሁ መሥራት ለመድኩ። አትዘኚ፣ በእጅ መጋዝ የተቆረጠ እንጨት ይበልጥ ያምራል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንደለመንኩሽ ስልኩን ትተሽ በመጻፍሽ ደስ ብሎኛል። በስልክ ሲሆን እናትሽ አፈፍ ታደርገውና ወሬሽን ሁሉ ለራሷ ታስቀረዋለች። ደብዳቤ ግን መስኮቱ ስር ተቀምጬ እንደ ልቤ የማነበው የራሴ ነው። ከወረቀቱ ላይ አንድም ቃል አያመልጠኝም።

የባንዳችሁ መሪ ያለሽንም አንብቤዋለሁ። ቤዝን ማንም ልብ አይለውም፣ እኔ በኪቦርዱ በግራ እጄ እሸፍነዋለሁ፣ አንቺ እሱን አስቀምጪና ከፊት ቆመሽ ዝፈኚ፣ ፎቶሽም ማስታወቂያው ላይ በትልቁ ይወጣል አለሽ። አዲሱን ሥራ መቅዳት ሳንጀምር ቁርጡን አሳውቂኝም ብሎሻል። አንቺም፣ አባዬ፣ ማንም የማይሰማውን ነገር ተሸክሜ ልዙር ወይስ ልተወው፣ አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ ብለሽ ለእኔ ጣልሽው። ሰውዬው ክፉ ሰው ነው አልልም። አንቺን ከፊት ማየት መፈለጉ ዓይን እንዳለው ያሳያል።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ቀልድ ጣል ያደረግሻትን ነገር ላንሳ። ለሳምንታት ከቤዝሽ ድምፅ ጋር ዝዝዝ የሚል ነገር እየተከተለ ሲያስመርርሽ ከረመ። ገመድ ቀየርሽ፣ ክር ቀየርሽ፣ ድራመሩ ደግሞ የእኔ ከበሮ ሽቦ ይሆናል ብሎ ፈታትቶ ገጠመ። የድምፅ ባለሙያው አዳራሹ ጫፍ ሆኖ ሚክሰሩን ቢነካካም ነገሩ አልጠፋ አለ። ከዚያ ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ በነበራችሁ ኮንሰርት፣ ገና ሁለተኛው ዘፈን ሲያልቅ ዝዝታው እልም ብሎ ጠፋ። የስፒከሩ ሣጥን ራሱን አዳነ ብለሽ ጽፈሻል።

ልጄ፣ ሣጥን ራሱን አያድንም። እኔ ነበርኩ።

አትደንግጪ፣ ልተርክልሽ ነው። ቁጭ በይ።

ያንን ሣጥን ስንሠራ የሆነውን መቼም አትረሺውም። የመጀመሪያ ቤዝሽን ይዘሽ የመጣሽ ሰሞን ነው። የሱቁን ስፒከር አልወደድሽውም፤ በአፍንጫው የሚያወራ ይመስላል አልሽኝ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ አልጋና ቁም ሣጥን ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሙዚቃ የሚገባበት ሣጥን ሠርቼ አላውቅም። ግን አልችልም ተብሎ ለልጅ ይነገራል? ወፍራም የኮምፐርሳቶ ጣውላ መረጥኩ፣ ማዕዘኖቹን ጥርስ አውጥቼ አንዱን ከአንዱ አቆላለፍኩ፣ ኮላ ቀብቼ በሞርሳ አስጨንቄ አሳደርኩት። ስፒከሩን ገጥመን ወፍራሙን ክር ስትመቺው፣ ዝዝዝ። ኮላው አልያዘም ብዬ ፈታሁት፤ እንደገና ገጠምኩት። ዝዝዝ። ጀርባውን ከፈትኩ፣ ውስጡን ጥጥ አለበስኩ፣ ብሎን ጨመርኩ። ምሳ ሳንበላ ዋልን፤ አንቺም ልታለቅሺ ደረስሽ። በመጨረሻ እናትሽ ከኩሽና ብቅ አለችና ከቡፌው ላይ አንዷን ብርጭቆ አንስታ በእጇ ይዛ፣ እስቲ አሁን ምቺው አለችሽ። መታሽው። ዝዝታ የሚባል የለም። ያንን የመሰለ ሣጥን አፍርሰን የገጠምነው ከመደርደሪያው ጋር ለምትንቀጠቀጥ ብርጭቆ ኖሯል። እናትሽ ይህን ጉድ ለእንግዳ ሁሉ እንዳወራችው አለች።

ብርጭቆዋን ያንቀጠቀጠችውን ኖታ ከዚያ ወዲህ የብርጭቆዋ ኖታ ብለናት ቀረን። እኔም ከዚያ ወዲህ የሚንቀጠቀጥ ነገር ስፈልግ ጆሮዬን አላምንም። መዳፌን አሳርፌ፣ በጥፍሬ እየነካሁ፣ ከእንጨት እንጨት እየሄድኩ ነው የምፈልገው። ይህ ልማድ እንዲህ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እሁድ ለታ እናትሽን ይዤ መጣሁ። እንዳንነግርሽ የተማከርነው፣ ካወቅሽ ጣትሽ ይተሳሰራል ብለን ነው። እሷ ከሰዉ መሃል ወንበር ይዛ ተቀመጠች። እኔ ግን ከሩቅ መቀመጥ አልሆነልኝም። ከሩቅ ሆኜ ምንም አላገኝም። ስለዚህ ከቤት ስወጣ የሥራ ቱታዬን ለብሼ፣ እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ካቻቢቴዬን ኪሴ ከትቼ ነበር። እናትሽ ለልጅህ ኮንሰርት በቱታ ትሄዳለህ ብላ መንገዱን ሙሉ ስትነጫነጭ ሄደች፤ ከንፈሯን እያየሁ አብሬያት ተራመድኩ። ቱታ የለበሰና እርሳስ የሰካ ሰው ግን በየትኛውም በር ይገባል። ዘበኛው አንድ ነገር ጠየቀኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት። በዚህ ዘመን ራስ መነቅነቅ ለአብዛኛው ጥያቄ ይበቃል። አሳለፈኝ።

ከመድረኩ ጎን፣ መጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። የእኔ ሣጥን እዚያው ክንዴ በሚደርስበት ቦታ ነበር፤ ጥግ ጥጉ ከመጫንና ከመውረድ ብዛት ተላልጧል፤ ግን ማዕዘኑ እንደ ሠራሁት ቀጥ ብሏል። መዳፌን አሳረፍኩበት። መጫወት ስትጀምሪ ወዲያው አወቅኩት። ከሚያምረው ንዝረት ስር ሌላ ቀጭን፣ የሚያሳክክ ነገር አለ። ጣቴን እያራመድኩ ሄድኩና የጎኑ መያዣ ላይ ደረስኩ። መያዣውን ጫን ሳደርገው ማሳከኩ ይጠፋል፣ ስለቀው ይመለሳል። ተሸካሚዎቹ ሲያነሱት ሲያስቀምጡት አንዱ ብሎን ላልቷል። የድምፅ ባለሙያው ላይ አትፍረጂ፤ ከዚያ ርቀት ላይ ሆኖ ይህን ማንም አያገኘውም። ሁለተኛው ዘፈን አልቆ ሰዉ ሲያጨበጭብ ብሎኑን አጠበቅኩና ከመያዣው ስር ከኪሴ ያገኘሁትን ብርጭቆ ወረቀት አጣጥፌ ሸጎጥኩበት። ካላመንሽኝ ሄደሽ እይው፤ አሁንም እዚያው አለ።

ሦስተኛውን ዘፈን ስትጀምሪ ዞር ብለሽ ሣጥኑን አየሽውና ፈገግ አልሽ። መጋረጃው ባይኖር እኔን ነበር የምታይው። ከዚያ ፈገግታ በላይ ምን ደሞዝ አለ?

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ።

ከዚያ ቀጥሎ ቤዙን ማቆሚያው ላይ አስቀምጠሽ ከፊት ወጣሽ፤ ማይክሮፎኑን ያዝሽ። መሪያችሁ ለሙከራ አንድ ዘፈን ዝፈኚ ያለሽ ያንን መሆኑን ከደብዳቤሽ ነው የተረዳሁት። እኔ እጄን ከሣጥኑ ላይ አላነሳሁም። ሣጥኑ ግን እንጨት ሆነ። ኮምፐርሳቶና ኮላ ብቻ። አፍሽ ሲከፈት አየሁ፣ የአንገትሽ ሥር ሲወጠር አየሁ፣ የለበስሽው ቀሚስ ያምር ነበር። ሰዉ ብድግ ብሎ ሲያጨበጭብ አይቼ እኔም አጨበጨብኩ። እናትሽ እንባዋን ስትጠርግ ነበር፤ ድምፅሽ ልብ ይበላል ትላለች። እሷ ካለች ይበላል። በዚህ ጉዳይ የእሷን ቃል ነው የምቀበለው።

ከዚያ ተመልሰሽ ቤዙን አነገትሽ።

ምን ብዬ ልንገርሽ። እንጨቱ ከመዳፌ ስር ነቃ። በክርኔ ወጥቶ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ከእግሬ ስር ያለው ጣውላ ሳይቀር ያንቺን ነገር ይናገር ነበር። አንዲት ኖታ አላመለጠችኝም። የት ላይ ድራመሩን እንደጠበቅሽው፣ የት ላይ እንደቀደምሽው፣ ያቺን የብርጭቆዋን ኖታ ሰዉ ሲጠብቃት ሆን ብለሽ አዘግይተሽ እንዳመጣሻት ሁሉንም አውቄዋለሁ። ከመጋረጃው ጫፍ አጮልቄ ሰዉን አየሁት። ስትዘፍኚ ፊትሽን ሲያዩ የነበሩት ሰዎች አሁን ማንን እንደሚያዩ አያውቁም፤ የሁሉም ጉልበት ግን በአንድ ላይ ነበር የሚታዘዝሽ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ወንበሩን ትቶ መተላለፊያው ላይ ብቻውን ሲወዛወዝ ነበር። እዚያ ቆሜ ያቺ የእኔ ልጅ ናት ብዬ ለአንድ ሰው መናገር አማረኝ። አጠገቤ ያለው ግን መጋረጃ ብቻ ነበር። ለእሱ ነገርኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ይሁን ዝቅ አድርጌ አላውቅም፤ ዘበኛው ዞር ብሎ አየኝ።

ሲያልቅ መጥቼ ልስምሽ ነበር። በሰው ተከበሽ ሳይሽ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ተነጋግረን አንግባባም ብዬ እናትሽን ይዤ ሹልክ አልኩ። እንዳትቀየሚኝ።

እንግዲህ አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ ብለሻል። ትእዛዝ አልሰጥሽም፤ ጣቱም ጉሮሮውም ያንቺ ነው። ከጠየቅሽኝ ግን አልሸፋፍንም። ቤዙን አትተዪው። መዝፈን ካማረሽ ቤዝሽን አንግተሽ ዝፈኚ። ሁለቱን በአንድ ላይ ማድረግ ከባድ ነው እንዳትዪኝ፤ አፍሽ ምግብ ሞልቶ እንኳ ወሬሽን አቋርጠሽ የማታውቂ ልጅ ነሽ። መሪያችሁ ማንም አይሰማውም ሲልሽ ደግሞ ቆጣ አትበዪ። በጨዋ ደንብ፣ አንድ የሚሰማው ሰው አለኝ በይው። ካልበቃው፣ ያ ሰው ከሁሉም ዘፈናችሁ የሚሰማው እሱን ብቻ ነው በይው።

ይህን የምልሽ ላስጨንቅሽ አይደለም። የሚያስጨንቅ ነገር የለም፤ ቤታችን ሰላም ነው፣ እኔም ከመቼውም ይበልጥ ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው። አዲስ ሣጥንም ጀምሬልሻለሁ። ከፊተኛው ሰፋ ይላል፤ መያዣው ስር ከመጀመሪያው ላስቲክ አድርጌበታለሁ። አንዱን ጎኑን ለስላሳ አድርጌ ልጌዋለሁ፤ እሱ መዳፍ የሚያርፍበት ነው።

እናትሽ ሳምልኝ ትላለች፤ ብርድ እንዳይመታሽም ትላለች፤ ሌላ ብዙም ትላለች፤ ወረቀቱ አይበቃም። ጣቶችሽን ይባርክልኝ። ክርሽ አይበጠስ፣ መንገድሽ ይቅና፣ የቆምሽበት መድረክ ሁሉ ይታዘዝልሽ።

ለእረፍትሽ ስትመጪ ደጅ ቆመሽ አባዬ እያልሽ አትድከሚ። በሩ ክፍት ነው፤ ዝም ብለሽ ግቢ። ቤዝሽን ሳሎን አስቀምጬ ከምጠብቅሽ ከአዲሱ ሣጥን ጋር ሰኪና ወፍራሙን ክር ምቺው። ጓሮም ብሆን ሥራ ጠረጴዛዬ ላይም ብሆን እመጣለሁ።

ኩሩው አባትሽ