ከብብት ሥር ያለችው ኪስ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከስፌት ቤቴ
ጦርነቱ ባበቃ በአምስተኛው ወር

አንተ መነጽር ሰባሪ የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታው ይቆይና መጀመሪያ ክሴን ስማ። ልትሰናበተኝ መጥተህ የተቀመጥክባት መነጽሬ ይኸው እስከ ዛሬ በክር ታስራ ትኖራለች። የሰው አገር ነጻ አወጣለሁ ብለህ የአጎትህን ዓይን ማርከህ ሄድክ! ደንበኞቼ «ዕውሩ ሰፊ» እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም የሳቀብኝን ሰው የሱሪውን አንድ እግር አሳጥሬ እሰጠዋለሁ።

ደህና ነን ብልህ ውሸት ነው። «ልጆቻችሁን ለጦርነታችን ስጡን፤ ስናሸንፍ አገራችሁን እንለቅላችኋለን» ያሉን ገዢዎች አሸነፉ። የለቀቁብን ግን ወታደር ነው። ባለፈው ወር «ቃላችሁን አክብሩ» ብሎ የወጣውን ሰልፈኛ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ተኮሱበት። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው፣ ያ ቀልድ የማይገባው፣ በዚያው ቀረ። መዶሻው አሁንም ደጁ ላይ ናት።

ለእኛ ለሰፊዎቹ ደግሞ ሥራ አመጡልን። ከጦር ሜዳ የተመለሰ የወታደር ኮት በጆንያ ያራግፉልናል። እኛ ቀዳዳውን እንጥፋለን፤ እነሱ ለአዲስ ምልምል አልብሰው መልሰው እኛው ላይ ይልኩታል። ትናንት አንዱን ስገለብጥ እጄ ከብብቱ ሥር ኪስ ውስጥ ገባ። የወታደር ኮት እዚያ ኪስ የለውም። ሲጋራህን ከአለቃህ እንድትደብቅባት በቀይ ክር የሰፋሁልህ ናት። ኮቱ ደረቱ ላይ ተበስቷል። ቀዳዳዋ ትንሽ ናት።

ለሰው አውሰኸው ይሆናል። በቁማር ተበልተህ ይሆናል፤ አንተ እንደሆንክ ዕቃ አይበረክትልህም። እንደዚያ ከሆነ እሰድብሃለሁ። አንድ መስመር ብቻ ጻፍና አሰድበኝ።

ዛሬ ጠዋት ኮቱን ለሰፊዎቹ አሳየኋቸው። «ይህን ማን ይጣፈው?» አልኩ። ሁሉም መርፌውን ሰክቶ ተነሳ። ከነገ ጀምሮ ለእነሱ አንሰፋም።

እናትህ አልሰማችም። ለዘመቻ ኮትህ ልክህን ከለካሁ ወዲህ አኩርፋኝ ይህን ደጅ ረግጣ አታውቅም። ያለህበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ፣ መንገድህን…

ቆይ። በመስኮት እያየኋት ነው፤ እናትህ መንገዱን ተሻግራ እየመጣች ነው። የጦሩ ማኅተም ያለበት ፖስታ እያውለበለበች «ወንድምዬ፣ የልጄ ደብዳቤ መጣ! ና አንብብልኝ!» ትላለች። ኩርፊያዋን ረስታ ትስቃለች።

ከሰፈሩ ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ከመጠቅለያ ወረቀት ላይ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። ምነው ባልለቀምኩ!

መነጽሬን ከኮትህ ብብት ሥር ባለችው ኪስ ከተትኳት። ጠፋችብኝ ልላት ነው።

አጎትህ